ሐረጎ ላይ የምትፈላ ዲኤክስ፦ ቴስታታ ከማስከፈት በፊት

ከደሴ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው 4ኬ ሞተር ያላት የድሮ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችው። ቦዲዋን አሠርቶ ቀለም ካስቀባት ወዲህ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ሥራ ይወርድባታል፣ ማታ ይመለስባታል። ስትወርድ ችግር የለባትም፤ ከተማ ውስጥም ደህና ናት። ማታ የሐረጎን አቀበት ስትያያዘው ግን፣ በተለይ ከተሳቢ ኋላ ተይዛ በዝግታ ስትጎተት፣ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ይነካል። ደሴ ስትደርስ የውሃ ጠርሙሷ እየገነፈለች ነው። ጠዋት ኮፈኑን ሲከፍት የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ተጨምድዶ ያገኘዋል፤ ጠርሙሷ ሙሉ ናት፣ ራዲያተሩ ግን ጎድሏል፣ በየቀኑ አንድ ሊትር ያህል የቧንቧ ውሃ ይጨምርበታል። አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥቶ ጥሎለታል፤ ለውጥ አልመጣም። ሌላው የዘይት መሙያው ክዳን ውስጥ ነጭ ነገር አይቶ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይከፈት» ብሎታል፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና ከሥሩ ባለው ብሎክ መካከል ያለው ማሸጊያ። ጠያቂው በበኩሉ ኤሌክትሪክ ፋንና ትልቅ ራዲያተር ለመግጠም አስቧል።

ወንድምዓለም፣ ቴስታታውን ገና አታስከፍት። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፦ የተጨማደደ ቱቦ፣ የሞላ ጠርሙስ፣ የጎደለ ራዲያተር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የራዲያተሩ ክዳን ነው።

ክዳኑ ውስጥ ሁለት ቫልቮች አሉ። ትልቁ በጠንካራ ስፕሪንግ ተጭኖ ግፊቱን ያቆያል፤ ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ ብቻ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ጠርሙሷ ያሳልፋል። መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍታ ያንኑ ውሃ ከጠርሙሷ መልሳ ታስገባለች። ያንተ ክዳን ስፕሪንጉ ደክሟል፣ ስለዚህ ገና አቀበቱ መሃል ውሃውን ወደ ጠርሙሷ ይለቃል። ትንሿ ቫልቭ ደግሞ በዝገትና በኖራ ተጣብቃለች፣ ስለዚህ ሌሊት የተለቀቀው ውሃ መመለሻ ያጣል። ራዲያተሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ቱቦውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጠዋት የምታየው መጨማደድ እሱ ነው።

ይህ ነገር ሜዳ አገር ላይ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። እኛ ጋ አይቆይም። ምክንያቱም ከፍታው ነው። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ ሲወጣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 1,850 ሜትር አካባቢ ያለችው ኮምቦልቻ ላይ በ94 ገደማ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ያለችው ደሴ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። ንፍሮ ደሴ ላይ የሚዘገየው ለዚሁ ነው። አሁን ይህን ከሞተርህ ጋር አስተያየው፦ ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 አካባቢ ነው። ማለትም ጤነኛ ሞተር አቀበት ላይ የሚሠራበት ሙቀት ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከሚፈላበት በላይ ነው። ውሃውን ከመፍላት የሚያግደው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ብቻ ነው። 0.9 የሚል (የሚይዘው ግፊት ነው) የተጻፈበት ደህና ክዳን ደሴ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ክዳኑ ከሞተ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው ይፈላል፤ ውሃው ሲፈላ በእንፋሎት የተተካው ቦታ ሙቀት መውሰድ ያቆማል፣ ያኔ ሞተሩም በእውነት ይሞቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ክዳኑን ቀይር። ስትገዛ ሦስት ነገር ተመልከት። አንደኛ፣ ላዩ ላይ 0.9 ይበል። «ይበልጥ ይይዛል» ብለው 1.1 ወይም 1.3 ቢሰጡህ አትውሰድ፤ የድሮ ራዲያተር ብየዳና የሂተር ቱቦ ያን አይችልም። ሁለተኛ፣ ቁመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን። አጭሩ ክዳን አንገቱ ላይ ይገጥማል፣ ይዞራል፣ ግን ስፕሪንጉ ከታች ያለውን መቀመጫ አይጫንም። ስትዘጋው በመዳፍህ ገፋ ማድረግ ሳያስፈልግህ እንደ ማር ማሰሮ ክዳን ለስለስ ብሎ ከዞረ፣ አይሆንህም። ሦስተኛ፣ የመሃሏን ቫልቭ በጥፍርህ ሳብ አድርገህ ልቀቃት፤ ተከፍታ ወዲያው መመለስ አለባት። ከዚያ ጣትህን የራዲያተሩ አንገት ውስጥ አስገብተህ የውስጠኛውን ከንፈር ዙሪያውን ዳብሰው። ጎርበጥ ያለ ወይም የብየዳ ቆርቆሮ የተንጠባጠበበት ከሆነ አዲስ ክዳንም አይዘጋውም፤ ራዲያተር ጠጋኝ ጋ ይስተካከል። ወደ ጠርሙሷ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦም እየው፤ ከተሰነጠቀ ወይም ጫፉ ከጠርሙሷ ታች ካልደረሰ ውሃ ሳይሆን አየር ነው የሚስበው።

ቴርሞስታቱን መልሰህ አስገባ። «ውሃው እንደ ልቡ ይዙር» ተብሎ ማውጣቱ የተለመደ ነው፤ አቀበት ላይ ግን የሚጠቅመው ነገር የለም፣ ያኔ ቴርሞስታቱ ቢኖርም ተከፍቶ ነውና። የሚጎዳው ጠዋት ነው። ከደሴ ብርድ ተነስተህ ቁልቁል ስትወርድ ሞተሩ ጭነት የለበትም፣ ቴርሞስታት ከሌለ ኮምቦልቻ እስክትደርስ አይሞቅም። ያልሞቀ ሞተር ቤንዚን ይበላል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ሲሊንደሩን አጥቦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ እርጥበቱም ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። መካኒኩ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ያየው ነጭ ነገር ከዚህ ሊመጣ ይችላል፤ እሱ ብቻውን የጓርኒሲዮን ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው የዘይት መለኪያዋ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት የገባበት ሻይ ሲመስል ነው።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ቴርሞስታት በድስት ሲፈተን ደሴ ላይ ያሳስታል። ውሃው ከ92 አያልፍም፣ ስለዚህ 82 የተጻፈበት ደህና ቴርሞስታት ድስት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይቀራል። 88 የተጻፈበትማ ጥቂት ብቻ ፈቀቅ ይላል። ብዙ ደህና ዕቃ በዚህ ምክንያት ይጣላል። ቴርሞሜትር ይዘህ 82 አካባቢ መከፈት መጀመሩንና ሲቀዘቅዝ ጥብቅ ብሎ መዘጋቱን ካየህ ይበቃሃል። ስትገጥመው ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ፣ ትንሿ የአየር ማሳለፊያ ወደ ላይ።

ቀጥሎ የምጠረጥረው ቦዲ ቤት የቀረ ነገር ነው። ችግሩ ከቀለሙ ወዲህ ነው ብለሃል። መኪና ለቀለም ስትፈታ በብዛት የሚጠፋው ፋኑን ዙሪያውን የሚያቅፈው ከቨር ነው። ሰው እንደ ጌጥ ይቆጥረዋል። ከቨር የሌለው ፋን ግን አየሩን በራዲያተሩ ውስጥ ከመሳብ ይልቅ እዚያው የሞተር ክፍል ውስጥ ያለውን ትኩስ አየር ያሽከረክረዋል። በፍጥነት ስትነዳ ነፋሱ ስለሚገባ አይታወቅህም፤ ከተሳቢ ኋላ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ግን ያለህ ፋኑ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የደሴ አየር ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋኑ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው አየርም ያንኑ ያህል ቀንሷል። የድሮውን ከቨር ፈልገህ አስገባ፤ ካልተገኘ ከላሜራ አሠራ፤ የፋኑ ጫፍና ከቨሩ መካከል ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተው፣ ሞተሩ በጎማ እግሩ ላይ ስለሚወዛወዝ ከዚህ ካጠበብከው ይመታል። ራዲያተሩና ቦዲው መካከል ያሉትን ክፍተቶች በስፖንጅ ወይም በጎማ ድፈን። ቀለም ቀቢዎች የራዲያተሩ ፊኖች (አየር የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ክንፎች) ላይ ስቱኮና ቀለም ነፍተው ትተው እንደሆነም እየው። ፊኖቹን ስታጥብ ከሞተር በኩል ወደ ፊት፣ በለስላሳ ውሃ፤ በግፊት ማሽን ከመታኸው ፊኖቹ ይተኛሉ።

ፋኑንና ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣትህ ተጫነው፦ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ቢገባ ልኩ ነው። የውሃ ፓምፑን ዘንግ በፋኑ ይዘህ ነቅንቅ፤ ከተወዛወዘ ወይም ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ካንጠባጠበ ይቀየር። ለረጅም ጊዜ የቧንቧ ውሃ ስለተጠቀምክ የራዲያተሩ ውስጥ ኖራ መያዙ አይቀርም። ይህን ለማወቅ ሞተሩን አሙቀህ አጥፋና የራዲያተሩን ፊት በየቦታው በሌዘር ቴርሞሜትር ለካው፤ ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። ከዙሪያው ተለይቶ የቀዘቀዘ ቦታ ካገኘህ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል። የዲኤክስ የመዳብ ራዲያተር ከሆነ ጠጋኙ የላዩን ታንክ አንስቶ በዘንግ ይጠርግልሃል፤ ይህ ከማንኛውም የማጠቢያ ኬሚካል ይሻላል። ፍሳሽ ማቆሚያ ዱቄት ግን በፍጹም እንዳታስገባ፤ የሂተሩንና የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል።

ጓርኒሲዮኑንስ? ሳይከፈት የሚፈተንበት መንገድ አለ። ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ራዲያተሩን እስከ አንገቱ ሙላ፣ ክዳኑን ሳትመልስ አስነሳ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ይወጣል፣ የታፈነ አየር ነው። ከዚያ በኋላ ነዳጅ ሰጥ አድርገህ ያዝ፦ አረፋው እንደ ለስላሳ መጠጥ ያለማቋረጥ ከመጣ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ሌላው ምልክት፣ ክዳኑ ተዘግቶ ከቀዝቃዛ ከተነሳች በኋላ ውሃው ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ በአንድ ሁለት ደቂቃ እንደ ድንጋይ መጠንከሩ ነው። ካንዴሎቹንም አውጣ፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የነጣ ከሆነ እዚያ ሲሊንደር ውሃ እየገባ ነው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ቴስታታው ባለበት ይቆይ። ካለ ግን ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ገንዘብ ማባከን ነው፦ የ4ኬ ቴስታታ አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ስለሆነ በሙቀት የሚጣመመው ቴስታታው ነው። ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎች የሚላጩበት) ቀጥ ባለ መለኪያ ይታይ፤ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከጎበጠ ይላጭ።

አንድ ነገር ቀረ፣ ፋዙ፤ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት። ወደ ኋላ የቀረ ፋዝ እሳቱን ወደ ማርሚታው ይገፋና ሞተሩን ያሞቃል፣ ጉልበትም ይነሳል። የዲስትሪቢዩተሩ የቫኪዩም ሸራ ተቀዶ እንደሆነ ቱቦውን በአፍህ ስበህ ፈትን፤ አየር መያዝ አለበት።

አሁን ስለ ሐሳብህ። ትልቁን ራዲያተር ለጊዜው ተወው፤ ይህች ሞተር በፋብሪካው ራዲያተር፣ ንጹሕና በከቨር የታጀበ ከሆነ፣ ሐረጎን ትወጣለች። ኤሌክትሪክ ፋን መጥፎ አይደለም፣ ግን በትክክል ካልተገጠመ ከድሮው ያንሳል። ራሱን የቻለ ከቨር ያለው፣ ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ የሚስብ ይሁን። አንድ ፋን ከ10 እስከ 15 አምፔር ይወስዳል፤ ማታ የፊት መብራት ሁለቱ አንድ ላይ 10 አምፔር ያህል ይወስዳሉ፣ በዚያ ላይ ካንዴላውና መጥረጊያው አለ። የዲናሞህን አቅም ላዩ ላይ አንብብና ደምር፤ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጥ ስትቆም) ደግሞ ዲናሞ የተጻፈበትን ያህል እንደማይሰጥ አትርሳ። መስመሩ በቀጥታ ከባትሪ፣ በ20 ወይም 25 አምፔር ፊውዝ፣ በ30 አምፔር ሪሌ፣ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በማያንስ ሽቦ ይሂድ። የመኪናዋ ቁልፍ ሪሌውን ብቻ ይዘዝ፤ የፋኑ ጉልበት በቁልፉ በኩል ካለፈ ቁልፉን ያቀልጠዋል። እኔ ብሆን ክዳኑ፣ ቴርሞስታቱና ከቨሩ ተስተካክለው አንድ ወር ሳትነዳት ፋን አልገዛም።

ውሃውን ስትሞላ፦ ከብሎኩም ከራዲያተሩም አፍስስ፣ ጥርት እስኪል እጠብ። ከ5 ሊትር ጥቂት ከፍ ያለ ነው የሚይዘው፤ ግማሹ ኩላንት፣ ግማሹ የተጣራ ውሃ ይሁን። «ተቀላቅሏል» የሚል የተጻፈበት ኩላንት ከገዛህ ውሃ አትጨምር። የተጣራውን ውሃ ከባትሪ ቤት ስትገዛ አሲድ እንዳይሰጡህ ዕቃውን አንብብ። አፍንጫዋን ወደ ዳገት አዙረህ አቁማት፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻ ክፈት፣ ቀስ እያልክ ሙላ፣ ክዳኑን ሳትዘጋ አስነሳት። የላይኛው ቱቦ ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ያኔ ደረጃው ይወርዳል፣ ጨምርና ዝጋ።

ይህን እስክታሠራ ድረስ ማታ ስትወጣ ከተሳቢው በርቀት ሁን፣ ሞተሩ በከባድ ማርሽ እንዳይታመቅ ቶሎ ቀንስ፤ ዙሩ ከፍ ሲል ፋኑም ፓምፑም አብረው ይፈጥናሉ። መለኪያው መውጣት ሲጀምር ሂተሩን እስከ መጨረሻ ክፈት፣ መስኮቱን አውርድ። ቀዩን ከነካ ዳር ያዝ። ውሃ ካላፈሰሰች አታጥፋት፣ ከሚኒሞ ጥቂት ከፍ አድርገህ አቆያት፣ ፋኑ እየዞረ ያበርዳታል። እየተንፈቀፈቀች ውሃ ከጣለች ግን ወዲያው አጥፋ። ክዳኑን ቢያንስ ለ40 ደቂቃ አትንካ፤ ግፊቱ በተለቀቀበት ቅጽበት ውሃው በሙሉ ፈልቶ ፊትህ ላይ ይወጣል። ቀዝቃዛ ውሃም ትኩስ ሞተር ውስጥ አትጨምር፣ ዛሬ የሌለብህን የቴስታታ ሥራ ነገ የሚያመጣብህ እሱ ነው። ጎማዋ ሥር ታኮ ካደረግህ ስትነሳ ድንጋዩን ከአስፋልቱ አንሳው፤ ሐረጎ ላይ በጨለማ ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ አያየውም።