ሕመሙ ለቀቀኝ ብለሽ ቀጠሮሽን እንዳትሰርዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የታችኛው መንጋጋ ጥርስሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጠዘጥዝሽ ከርሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ድንገት ጸጥ ብሏል፤ ሐሙስ ያለሽን ቀጠሮ "ልሰርዘው ወይስ ልሂድ?" ነው ያልሽው። ከሥር የመለሱልሽ አብዛኞቹ "እንኳን ተሻለሽ፣ ምን ያስኬድሻል" ብለውሻል። እኔ እንዲህ በተባልኩበት ጊዜ ሰምቼ መንጋጋ ጥርሴን ያጣሁ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እባክሽ እንዳትሰርዢው።

ስለ ጥርስ መቦረሽና ስለ ጣፋጭ ሌሎች ነግረውሻል፤ አልደግመውም። የሚጠቅምሽን በቁጥር ልጻፍልሽ።

1. ሕመሙ እንዴት እንደጀመረና እንዴት እንደተለወጠ አስታውሺ። የእኔ የጀመረው በቀዝቃዛ ውኃ ነው። ስጠጣ ጠቅ ያደርገኛል፣ ወዲያው ይተወኛል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ለወራት ልብ አላልኩትም። ያን ጊዜ ብሄድ ኖሮ ተቦርቡሮ የነበረውን አጽድተው ሞልተውልኝ በአንድ ቀን እገላገል ነበር። ቀጥሎ ቀዝቃዛው ከአፌ ከወጣ በኋላም ሕመሙ መቆየት ጀመረ፤ መጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ፣ ኋላ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ትኩስ ነገር አላስነካ አለኝ። በመጨረሻ ምንም ሳይነካው በራሱ እየተነሳ በተለይ ሌሊት ጋደም ስል ከልብ ምቴ ጋር እኩል ይመታ ጀመር።

ይሄ ቅደም ተከተል ለምን እንደሆነ ሐኪሙ ያስረዳኝ ከረፈደ በኋላ ነው። የጥርስ የላይኛው ጠንካራ ሽፋን ነርቭ የለውም፤ ስለዚህ መቦርቦር ሲጀምር ምንም አያሳምምም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን የሚባለው ክፍል ግን በጣም ጥቃቅን ቱቦዎች አሉት፤ ብርድና ሙቀት በእነሱ በኩል ወደ ውስጥ ይሰማል። መሃል ላይ ደግሞ ነርቭና የደም ሥር የያዘ ለስላሳ ሥጋ አለ፤ እኛ በጥቅሉ "ነርቩ" የምንለው ይሄንኑ ነው። ሌላው ሥጋችን ሲቆጣ ያብጣል፣ ቦታ ያገኛል። ይሄኛው ግን ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ ታጥሯልና የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ግፊቱ እያየለ ሄዶ ራሱን ያንቀዋል። ጋደም ስንል ወደ ጭንቅላት የሚመጣው የደም ግፊት ስለሚጨምር ነው ሌሊት የሚብሰው።

እነዚያን ሌሊቶች አልረሳቸውም። ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ እይዛለሁ። እጎነጭና በዚያ መንጋጋ በኩል አቆየዋለሁ፤ ሕመሙ ረጭ ይላል። ውኃው አፌ ውስጥ ለብ ሲል ተመልሶ ይነሳል፤ እተፋና እንደገና እጎነጫለሁ። እስኪነጋ እንዲሁ። ቀዝቃዛ ነገር ካስታገሰው ነርቩ መዳን ከሚችልበት ደረጃ አልፏል ማለት እንደሆነ ማን ነገረኝ! አንቺም "በረዶ ስይዝበት ይተወኝ ነበር" ብለሽ ጽፈሻል። ያችን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ነው ልቤ የተነካው።

2. ከፋርማሲ ሄደሽ አንቲባዮቲክ አትግዢ። እኔ አሞክሳሲሊን በራሴ ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ ሕመሙ የለም። ቀዝቃዛ ሞከርኩበት፣ ምንም። ትኩስ ሞከርኩበት፣ ምንም። የደስታዬ ደስታ! መድኃኒቱ አዳነኝ አልኩና ለቤተሰቡ ሁሉ አወራሁ። የዚያኑ ቀን ደውዬ ቀጠሮዬን ሰረዝኩ።

መድኃኒቱ ግን ምንም አላዳነኝም ነበር። ነርቩ ሞቶ ነው ዝም ያለው። አንቲባዮቲክ የሚጓዘው በደም ነው፤ የሞተ ነርቭ ደግሞ ደም አይደርሰውም፤ ስለዚህ ጥርሱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ጋ አይደርስም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ትኩሳትን የመሰለ ሰውነትን የሚያዳርስ ምልክት ከሌለና የጥርስ ሕክምናው ራሱ በቶሎ የሚገኝ ከሆነ፣ ለአብዛኛው እንዲህ ያለ የጥርስ ሕመም አንቲባዮቲክ እንዳይታዘዝ መክሯል። በሽታውን የሚያስወግደው ውስጡን ከፍቶ ማጽዳት ወይም መንቀል ነው። እኔ ሕመሙ የጠፋበትንና ክኒን የጀመርኩበትን ጊዜ አገናኝቼ ተታለልኩ። ማንም ሊታለል ይችላል፣ ግን አንቺ አትታለዪ።

ስለ ማስታገሻም አንድ ነገር ልበል። አስፕሪን ፈጭታችሁ ድድ ላይ አድርጉ የሚሉ አሉ፤ በጭራሽ! ያቃጥላል። እኔ ሁለት ቀን ብቻ አድርጌው ድዴ ነጭ ሆኖ ተላጠ። ለእኔ ሐኪሙ በኋላ የነገረኝ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከፓራሲታሞል ጋር አብሮ መውሰድ ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ከብቻቸው ይበልጣሉ። ነገር ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም እርግዝና ካለብሽ፣ ደም ማቅጠኛም የምትወስጂ ከሆነ አይቡፕሮፌን ሳትጠይቂ አትንኪ። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ የጉንፋን መድኃኒቶችም ውስጥ ስላለ ሳታስቢው ታበዢዋለሽ። ጥርስ ሲያም ሰው ክኒን አይቆጥርም፤ ጉበት ግን ይቆጥራል።

3. ዝምታው ውስጥ ምን እንደሚሆን እወቂ። ይህን በቁጥር ልቀጥል ነበር፣ ግን እንደሆነው ልንገርሽ።

አራት ወር ምንም አልነበረኝም። በዚያ ወገን አኝኬ በላሁ። አንድ ቀን ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ላይ፣ ከዚያው መንጋጋ ሥር ትይዩ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታክል እብጠት አየሁ። ስጫናት ጨው ጨው የሚል መጥፎ ጣዕም ያለው ፈሳሽ ወጣና ጠፋች። በሳምንቱ ተመለሰች። አላመመኝምና ተውኳት። ለካስ ከሥሩ ጫፍ አጥንቱ ውስጥ የተጠራቀመው መግል ራሱ መውጫ ቀዶ ነበር፤ ስለሚወጣ ነው የማያመው። አንቺም ዛሬ መስታወት ፊት ቁሚና ከንፈርሽን ገልጠሽ እይ። እንዲህ ያለች ነገር ካየሽ፣ ባያምምሽም፣ ሐሙስ ያልኩት ይቅርና በቶሎ እንዲያዩሽ ደውዪ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ስነሳ ያ ጥርስ ከሌሎቹ የረዘመ መሰለኝ። አፌን ስገጥም እሱ ቀድሞ ይነካና ያስጮኸኛል። ማታ ጉንጬ አበጠ። በማግስቱ እብጠቱ ወደ መንጋጋዬ ሥር ወርዶ አፌ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት አለኝ፤ ምራቄን ስውጥ ያመኛል፤ ትኩሳቴ 38.7 ደርሷል። እንዲህ ሆኜ ነው ቀጠሮ የሰረዝኩበት ክሊኒክ የሄድኩት።

ካርድ ክፍል የነበረችውን ሴት አሁንም ሳስባት ያመኛል። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ስሜን ጽፋ "አንቺ ነሽ የሰረዝሽው አይደል? ወረፋሽን ጠብቂ። ጥርስ ያመመው ሁሉ ድንገተኛ አይደለም" አለችኝ። በዕድሜ እናቷ እሆናለሁ፣ በአንቺታ። መናገር ስለማልችል መልስ አልሰጠኋትም። ሁለት ሰዓት ተኩል በሻርፕ ጉንጬን ይዤ ተቀመጥኩ። በአጋጣሚ በኮሪደሩ የምታልፍ ነርስ ሻርፑ ሲንሸራተት አይታኝ "አፍዎን ይክፈቱልኝ" አለች፤ አልከፈት ሲል እጄን ይዛ ቀጥታ ሐኪሙ ጋ አስገባችኝ። እሷን ስጸልይ አልረሳትም።

ሐኪሙ ቀዶ መግሉን አፈሰሰ። አንቲባዮቲክ ያን ጊዜ አዘዘልኝ፤ ያኔ ቦታው ነበር። ራጁ ላይ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ አጥንቱ ተበልቶ ጥቁር ሆኗል። ያም ሆኖ ጥርሱን ማትረፍ ይቻል ነበር፣ ግን ስንቱን ወር ሳኝክበት ከድድ በታች ተሰንጥቆ ነበርና ተነቀለ። ኋላ በቦታው ጥርስ ለማስተከል የወጣው ወጪ ማስሞላት ከሚጠይቀው ጋር አይወዳደርም። በጊዜው የነገረኝ ሌላ ነገር አለ፦ እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን ከምላስ ሥር ወደ አንገት ሲዘልቅ የሉድቪግ አንጃይና ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1836 ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ጽፎት በስሙ የቀረ ነው። ምላስን ወደ ላይ ገፍቶ የአየር መንገድ ይዘጋል። እኔ ያንን ለመድረስ ብዙ አልቀረኝም ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፌ የምትይዥው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ይሁን፤ ካርድ ክፍል ስትደርሺ "ጥርሴን አሞኛል" አትበዪ። በዚያ ቃል ማንም አይነሳልሽም። "ፊቴ አብጧል፣ ትኩሳት አለኝ፣ አፌ አይከፈትም፣ መዋጥ ያስቸግረኛል" በዪ፣ መናገር ካቃተሽ ጽፈሽ አሳዪ። እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ድምፅ ከተለወጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ የጥርስ ክሊኒክ አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እብጠት ላይ ሙቅ ነገር አትያዢበት፤ ከውጭ ቀዝቃዛ ይሻላል።

4. ሐሙስ ስትሄጂ። "ያመኝ ነበር፣ በራሱ ቆመ" የሚለውን አስቀድመሽ ተናገሪ፤ መቼ እንደጀመረ፣ ብርድ ነው ሙቀት የሚቀሰቅሰው የነበረው፣ ስንት ደቂቃ ይቆይ እንደነበር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ። ከዚያ ሐኪሙ ቀዝቃዛ ነገር የነካ ጥጥ ጥርሱ ላይ አድርጎ ይፈትንልሽ። ጎረቤት ጥርሶችሽ ሲሰማቸው ያኛው ምንም ካልተሰማው ነገሩ ግልጽ ነው። ራጅ ብቻ አይቶ "ንጹሕ ነው" ቢልሽ አትነሺ፤ የአጥንቱ ለውጥ ራጅ ላይ እስኪታይ ጊዜ ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ላይ ላይታይ ይችላል። እርግጥ ጸጥ ያለ ጥርስ ሁሉ የሞተ አይደለም። በጥርስ መሃል የተሰነቀረ ነገር ወጥቶ ወይም የተቆጣ ድድ ረግቦ ሊሆን ይችላል። ያንን የሚለየው ግን ፈተናው ነው እንጂ እዚህ ያለነው አይደለንም።

ከጥርስ ውጭም ምንጭ ሊኖረው ይችላል፤ የእህቴ ልጅ የላይ መንጋጋዎቹን ሁሉ በአንድ ላይ ያመው ነበር፣ ሲያጎነብስ ይብስበታል፤ ሳይነስ ሆኖ ተገኘ። የታች መንጋጋ ደግሞ ጆሮ ላይ ሊሰማ ይችላል፤ ሰው ጆሮውን ሲያሳክም ይከርማል። ደረጃ ሲወጡ የሚነሳና ሲያርፉ የሚተው የመንጋጋ ሕመም ከሆነ ልብ ሊሆን ስለሚችል እሱን ለሐኪም ሳይውል ሳያድር ነው።

5. የነርቭ ሕክምና ካስፈለገሽ አትፍሪ። ባለፈው ዓመት በሌላ ወገን ያለ መንጋጋዬ ቀዝቃዛ ነክቶት ደቂቃ ያህል አልለቅ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ፊት ነበርኩ። ሐኪሙ "በዚህ ጊዜ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው" ሲለኝ ደስ አለኝ። በማደንዘዣ ከፍቶ ውስጡን አጸዳ፣ በሁለት ቀጠሮ ጨረሰው፤ መርፌው ሲገባ ትንሽ ተሰማኝ፣ ከዚያ ወዲያ አፌን ከፍቶ መቆየት ብቻ ነው ያደከመኝ። ነርቩ የወጣለት መንጋጋ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ከላይ ክራውን የሚባለውን የጥርስ ሽፋን አስደረግኩበት፤ አንቺም "አሁን አያምምም፣ ክራውኑ ይቆይ" ብለሽ እንዳትተይው፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚከስረው። ዛሬ በዚያ ጥርስ ነው የማኝከው።

የሰረዝሽ እንደሆነ ግን ሌላ ቀጠሮ ስንት ሳምንት እንደሚያስጠብቅሽ አንቺው ጽፈሻል። ሐሙስ ሂጂና ቀዝቃዛውን ሲያስነኩሽ ተሰማሽ ወይስ አልተሰማሽም የሚለውን እዚሁ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።