ዓይነ ስውር ሰው ቁንጅናን በምን ያውቃል? ጥያቄና መልስ ከጅማ

በልጅነቴ ደህና አይ ነበር። ከዚያ የሬቲና (ከዓይን ውስጥ በስተጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) በሽታ ዕይታዬን ከዳር ወደ መሀል እያጠበበው መጣ፤ አሁን የቀረኝ መሀል ላይ ያለ ጠባብ ጭላንጭል ነው። ስለ ቁንጅና ስትጠይቁኝ ከርማችኋል፤ ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጋሼ፣ ለእርስዎ ሁሉም ነገር ጨለማ አይደለም እንዴ?

አይደለም ልጄ። ዓይነ ስውር ከሚባሉት ብዙዎቹ ብርሃንን፣ ጥላን ወይም እንቅስቃሴን ይለያሉ። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ሁሉም ነገር ይደበዝዝበታል፣ ቀለሙም ይወይብበታል። ማኩላው፣ ማለትም የሬቲናው መሀል፣ የተጎዳ ሰው የሚያየውን ነገር መሀሉን ያጣል፣ ዳሩን ያያል፤ በር ላይ የቆመች ልጅ ካለች መቃኑን አይቶ ፊቷን ያጣዋል። እኔ ተቃራኒው ነኝ። አንዴ ዓይኗን፣ አንዴ ጥርሷን አያለሁ፤ ገጣጥሜ ፊት የማደርገው ራሴ ነኝ።

ሲወለድ ጀምሮ የማያይ ሰው ቀለም ምን ይገባዋል?

ቀይ ሲታይ ምን እንደሚመስል አያውቅም። ግን የደረሰ ቡና ቀይ መሆኑን፣ ቀይ ከአረንጓዴ ይልቅ ለብርቱካናማ እንደሚቀርብ ከሰው ወሬ ያውቃል። እንዲህ ያለ ወዳጅ አለኝ፤ ሸሚዝ ሲገዛ ባለሱቁን መውጫ ያሳጣዋል። "ከዚህ ሱሪ ጋር ይሄዳል? እርግጠኛ ነህ?" ሰው እንደሚያየው ያውቃላ!

ቆንጆ ሴት እንዴት ትለያላችሁ? ፊት ትዳስሳላችሁ?

ይሄ የፊልም ነገር ነው። የማላውቃትን ሴት ፊት ብዳስስ ምን እንደሚገጥመኝ አስበው እስቲ! ድምፅ ነው የሚይዘኝ፤ አሳሳቋ፣ ስትጨብጠኝ እጇ፣ አረማመዷ። "እናንተ መልክ ስለማታዩ ልብን ነው የምታዩት" የሚሉንም አሉ። ምስጋናው ደስ ቢልም እውነት አይደለም። እኛም በጣፋጭ ድምፅ እንሸወዳለን። ሰፈሩ "ቆንጆ ናት" ካለም ጆሯችን ይቆማል።

ጅማ ውስጥ በጣም የሚያምርዎት ነገር ምንድን ነው?

የቡና አበባ። ከበጋው ድርቀት በኋላ ጥሩ ዝናብ ከጣለ፣ ሳምንት አለፍ ብሎ ቡናው ሁሉ ባንድ ላይ ይፈካል። የሚያዩት "ነጭ በነጭ ሆነ" ይላሉ። እኔ ማሳው ጋ ሳልደርስ ሽታው መንገድ ላይ ይቀበለኛል፤ ጃስሚን ጃስሚን ይላል። ቀረብ ስል የንቡ ድምፅ ይጨመርበታል። በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠወልጋል፤ ያመለጠው እስከ ከርሞ ይጠብቃል።

ሌላው በርጩማችን ነው። ባለ ሶስት እግሩ፣ ከአንድ እንጨት ተፈልፍሎ የሚወጣው፣ ሚስማር የማያውቀው። ዓይን ባንድ ጊዜ ጠቅልሎ ያያል፤ እጅ ግን ቀስ እያለ ነው የሚሰበስበው። መጀመሪያ ጎድጎድ ያለው መቀመጫ፣ ከዚያ ጠርዙ፣ ከዚያ እግሩ ከመቀመጫው የሚወጣበት ቦታ። እዚያ ላይ እንጨቱ ያለ ስፌት ሲታጠፍ ይሰማኛል። ደግሞ ሁልጊዜ እገለብጠዋለሁ። ከላይ በቫርኒሽ ያብረቀረቀ፣ ከስር ግን እጅ የሚቧጥጥ ስራ ሞልቷል። ጎበዝ ጠራቢ የማይታየውንም ያለሰልሳል። ለእኔ ቆንጆ በርጩማ እሱ ነው።

ህልም ያያሉ?

አያለሁ፣ ያውም በቀለም። ሲወለዱ ጀምሮ የማያዩት ግን በድምፅ፣ በንክኪና በሽታ ነው የሚያልሙት።

እህቴ ዓይኗ እየደከመ ነው። የሚያምር ነገር ሳይ ልንገራት ወይስ ይከፋታል?

መጀመሪያ ሐኪም ጋ ውሰጃት። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት መሰረት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የሚመጣ ነው፤ ሞራ ደግሞ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ነርቭን የሚጎዳው በሽታ፣ ከሆነ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማትረፍ ግን መፍጠን ነው።

ከዚያ ንገሪያት፣ ምን ያስፈራሻል? ብቻ "ዋው፣ ሲያምር!" ብለሽ አትለፊ፤ ከዚህ ምንም አታገኝም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ቆማችሁ ከሆነ የቱ ጋ ደመና እንዳለ፣ የትኛው ቆርቆሮ እንደሚያበራ፣ ጥላው የት እንደደረሰ ንገሪያት። የሚያምር መሆን አለመሆኑን እሷ ትፍረድ።