«ከማን ነው የምትማረው?»

ጥያቄ፦ የሀዋሳ ልጅ ነኝ፤ አሁን ግን ከከተማዬ ርቆ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለዕረፍት ወደ ቤት በተመለስሁ ቁጥር ቅኔ የተማሩት አያቴ «ከማን ነው የምትማረው?» ብለው ይጠይቁኛል። የዩኒቨርሲቲውን ስም ስነግራቸው «እሱማ ቦታው ነው፤ መምህርህ ማን ነው?» ይሉኛል፤ መልስ አጣለሁ። አንዳንዱ መምህራችን አስቀድሞ በቴሌግራም የላከልንን ስላይድ ክፍል ገብቶ ያነብልናል፤ ሰዓቱ ሲሞላ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ ሲጀመርም እንዲህ ነበር ወይ? የመምህሩስ ድርሻ ምን ነበር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አያትዎ የዩኒቨርሲቲን ታሪክ ከሥሩ ነው የጠየቁዎት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የግቢው በርና ፎቁ ቢሆንም፣ የላቲኑ ቃል በመጀመሪያ የሚያመለክተው የሰዎችን ማኅበር ነበር፤ የአንጥረኞች ወይም የሸማኔዎች ማኅበር እንደሚባለው ማለት ነው። በጣሊያን የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1088 ነው ሲባል የኖረ ሲሆን፣ በዚያ ማኅበሩን ያቋቋሙት ከየአገሩ ሕግ ሊማሩ የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ለመምህራኑ የሚከፍሉት እነሱ ስለነበሩ፣ አርፍዶ የገባ መምህር ይቀጣል፤ ያለ ፈቃድ አንድ ቀን የቀረም ይቀጣል፤ አምስት አድማጭ ያላገኘ መምህር ደግሞ እንደቀረ ተቆጥሮ መቀጮ ይከፍል ነበር።

በፓሪስ ግን ማኅበሩ የመምህራን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1229 በመጠጥ ሂሳብ ሰበብ በተነሣ ጠብ የከተማው ጠባቂዎች ተማሪዎችን በገደሉ ጊዜ መምህራኑ ማስተማር አቆሙ፤ ብዙዎቹም ከተማዋን ለቀው ወጡ። ጉዳዩ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1231 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 9ኛ መምህራኑ በደል ሲደርስባቸው ትምህርት የማቆም መብት እንዳላቸው በጽሑፍ አጸኑላቸው። መምህሩና ተማሪው ሲወጣ ዩኒቨርሲቲውም አብሮ ወጣ፤ በስፍራው የቀረው ተከራይተውት የነበረው ቤት ብቻ ነው።

ዲግሪ የሚባለውም በመነሻው የማስተማር ፈቃድ ነበር። ዶክተር የሚለው ቃል «ማስተማር» ከሚለው የላቲን ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ማስተር የሚለውም መምህር ማለት ነው። ይህን አያትዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተምሮ፣ የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነችው ወደ ጎንደሯ ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰከረ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ጉባኤ ዘርግቶ እንዲያስተምር ይጠበቅበታልና።

ወደ ስላይዱ ልምጣ። ሌክቸር የምንለው ቃል ራሱ ሥረ ትርጉሙ ማንበብ ነው። መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ እየተገለበጠ በሚዘጋጅበት ዘመን ዋጋው ለተማሪ የሚቀመስ ስላልነበረ፣ መምህሩ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ የከበደውንም ቦታ ያፍታታል። ከንባቡ ጎን ግን ክርክር ነበር፤ መምህሩ ጥያቄ ያነሣል፣ ተማሪዎች ደግፈውና ተቃውመው ይሟገታሉ፣ በመጨረሻ መምህሩ የሁለቱን ወገን ነገር መርምሮ ፍርዱን ይሰጣል። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የኅትመት ማሽን ከመጣ በኋላ መጽሐፍ እየበዛና እየረከሰ ስለሄደ፣ የንባቡ ምክንያት ቀስ በቀስ ቀረ። ስለዚህ ስላይድ የሚያነቡት መምህር የያዙት ምክንያቱ ያለፈበትን ግማሽ ነው፤ የተዉት ደግሞ ዛሬም የምንራበውን ግማሽ ነው።

ያን ግማሽ በቅኔ ቤት እናገኘዋለን። ተማሪው ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ጀማሪ ከሆነ የሚያቀርበው ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ናት። የኔታም ዜማው የሰበረበትን፣ አገባቡ የሳተበትን፣ ምሥጢሩ የላላበትን እያነሡ ያርሙለታል። ሁለት ስንኝ ብቻ ናት፤ ነገር ግን ተማሪው የራሱን ነገር ሠርቶ ካልቀረበ የኔታ የሚያርሙት አይኖራቸውም።

በአገራችን ዘመናዊው የከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተጀመረ፤ ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጠቃልሎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የእኛው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1976 ከተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ የተነሣ ነው። ከዚያ ወዲህ የተማሪው ቁጥር እጅግ ጨምሯል፤ መምህር ለእያንዳንዱ ተማሪ ያለው ጊዜ ደግሞ አልጨመረም። ለመምህራኑ ፍርድ እንስጥ ከተባለ ይህ ሊታይላቸው ይገባል፤ አንድ ሰው በክፍል የታጨቀ ተማሪን ወረቀት ሁሉ ቃል በቃል ሊያርም አይችልም።

ሆኖም እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህር የሁለት ገጽ ጽሑፌን ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብለው ጽፈውበት ነበር። ከመጽሐፍ ሳላገናዝብ የገለበጥኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ወደ ቢሯቸው ሄድሁ፤ መጽሐፉን አስገልጠው አስነበቡኝ፤ ጸሐፊው የተናገረውና እኔ የጻፍሁት የተለያየ መሆኑን ራሴ እስክደርስበት ድረስ ዝም ብለው ጠበቁኝ። አያትዎ እኔን ቢጠይቁኝ የእኒያን ሰው ስም ሳላመነታ እነግራቸዋለሁ።

ስለዚህ ይህን ይሞክሩ። ከስላይዱ ያልገባዎትን ወይም ያልተስማሙበትን አንድ ነጥብ ይምረጡና በራስዎ ቃል ግማሽ ገጽ ይጻፉበት። በዕረፍትዎ ቀን አሞራ ገደል ወይም ፍቅር ሐይቅ ዳር ከሚያጠኑ ጓደኞችዎ ለሁለቱ ያንብቡላቸውና ይሟገቱዎት። ትምህርት ሲጀመር ደግሞ ወረቀቱን ይዘው መምህርዎ ተማሪ በሚያነጋግሩበት ሰዓት ቢሯቸው ይሂዱ፤ «አልገባኝም» ብለው ባዶ እጅዎን አይግቡ፤ የጻፉትን ያስቀምጡላቸውና ስሕተቱን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የመጀመሪያው መምህር ጊዜ ቢያጡልዎት ወደ ሁለተኛው ይሂዱ።