ያለ ሞተር ስለመብረር፦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተነሱ ጥያቄዎች

ባለፈው ቅዳሜ አሞራ ገደል ስለ ግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) ስናወራ ጥያቄው ሳያልቅ መሸብን። የቀረውንም ጨምሬ መልሱን ጽፌዋለሁ።

ጋሼ፣ ሞተር ከሌለው እንዴት አይወድቅም?
ቀስ እያለ ይወርዳል እንጂ አይወድቅም። እኔ የተማርኩበት ኤኤስኬ 21 የሚባለው ግላይደር ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 17 ሜትር ነው። በጸጥተኛ አየር አንድ ሜትር ዝቅ ሲል 34 ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል።

ከሐዋሳ በላይ 1,000 ሜትር ከወጣ ሻሸመኔ ይደርሳል?
በሒሳቡ ይደርሳል፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻሸመኔ ግን ከሐዋሳ ከፍ ስለምትል ሲደርስ የሚተርፈው ከፍታ ትንሽ ነው። በዚያ ሒሳብ ብቻ አልሄድም፤ መንገድ ላይ የሚያነሳ አየር እፈልጋለሁ።

የሚያነሳው አየር የት ይገኛል?
ፀሐይ ያሞቀችው መሬት በላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀው ይቀልና ሽቅብ ይወጣል። ደረቅ ማሳ ቶሎ ይሞቃል፣ ሐይቁ ግን ይዘገያል። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ የሽመላ ዘመዶች፣ ረፋድ ላይ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ የሚወጡት ይህንኑ አየር ይዘው ነው።

ፍቅሩ እንዴት ያዘዎት?
ያስያዙኝ አስተማሪዬ ናቸው። ጀርመን ለትምህርት ሄጄ ሳለ ያገኘኋቸው ጡረተኛ መካኒክ ነበሩ። በመጀመሪያው በረራችን፣ መውጣት መውረዳችንን የሚያሳየውን መሣሪያ ገና ሳንነሳ በወረቀት ሸፈኑት። ሽቅብ የጎተተን ገመድ ሲለቀን የነፋሱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ያስረዱኛል ብዬ ስጠብቅ ከኋላዬ ዝም አሉ። ድንገት ግራው ክንፍ ቀና አለ። "ወደ ተነሳው ክንፍ ዙር" አሉኝ። ፊት ለፊታችን አንድ ሽመላ ይዞር ነበር። "ቀድሞ የገባው እሱ ነው፤ እሱ በዞረበት ዙር።" የግላይደር አብራሪዎችም ሕግ ይኸው ነው፦ ሁሉም ቀድሞ የገባውን አዟዟር ይከተላል።

ካረፍን በኋላ ስለ ኦቶ ሊሊየንታል ነገሩኝ። ሽመላዎችን እያየ አድጎ፣ ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሠራቸው ክንፎች 2,000 ጊዜ ያህል ከኮረብታ ተንሳፈፈ፤ በ1896 ወድቆ ሞተ። የአውሮፓ ነጭ ሽመላዎች ብርዱን ሸሽተው በእኛ ስምጥ ሸለቆ በኩል ያልፋሉ። አገሬን ስነግራቸው "ታዲያ ከእኔ በፊት መምህራን ነበሩህ" አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅነቴን በሙሉ ከአባ ኮዳ ሥር ኖሬ አንድም ቀን ቀና ብዬ በደንብ አላየሁም ነበር።

ሽቅብ የሚጎትተው ገመድ ቢበጠስስ?
አፍንጫውን ወዲያው ዝቅ አድርጎ ፍጥነት መያዝ ነው፤ ከፍታው ትንሽ ከሆነ ቀጥታ ፊት ለፊት ማረፍ። ብቻህን ከመብረርህ በፊት ደጋግመህ ትለማመደዋለህ።

በስንት ዓመት ይጀመራል?
በአውሮፓ ሕግ ለብቻ ለመብረር 14፣ ለፈቃድ 16 ዓመት ነው።

እኛስ አሁን ምን እናድርግ?
ቅዳሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ታቦር ተራራ ሥር እንገናኝ። ደብተርና ሰዓት ያዙ። የመጀመሪያው አባ ኮዳ በስንት ሰዓት እንደተነሳ፣ ከየትኛው ሜዳ በላይ እንደዞረ፣ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ እንጽፋለን።