መልስ፦ ከካርድ ክፍል ወደ ኮምፒውተር

ዶክተር፣ ፒያሳ ላለው የቤተሰብ ሕክምና ክሊኒካችሁ የታካሚ ካርድ በኮምፒውተር ለመያዝ የትኛው ሶፍትዌር እንደሚሻል ጠይቀዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ኦፕን ኤምአርኤስ (OpenMRS) የሚባለውን የሕክምና መዝገብ መያዣ ሶፍትዌር ሞክሩት፤ ነፃ ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ስም ነው። እኛ አገር የቤተሰብ መጠሪያ የለም፤ ሚስትም የባሏን ስም አትይዝም፤ በስም ብቻ የአንድ ቤተሰብ ሰዎችን ማገናኘት አይቻልም። ለቤተሰብ ሐኪም ደግሞ የልጅን ካርድ ሲከፍት የእናትየው ስኳር ወዲያው ቢታየው ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር፣ ለቤተሰቡም የጋራ ቁጥር ስጡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ማህደር የሚይዙት በየቤተሰቡ ነው። አንዱ ኃይሉ፣ ሀይሉ ተብሎ ሁለተኛ ካርድ እንዳይወጣለት፣ ፍለጋው ሀን፣ ሐን፣ ኀንና ኃን አንድ አድርጎ ያንብብ። ጳጉሜን የማያውቅ ሲስተም ደግሞ በፍጹም አትቀበሉ፤ የልደት ቀን ይበላሽባችኋል።

መብራት ሲጠፋስ? ሰርቨሩ፣ ማለትም መረጃው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ይሁን፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያሠራ ባትሪ) ይኑረው። የመረጃው ቅጂ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

የድሮውን ካርድ ሁሉ ለማስገባት አትድከሙ። ታካሚው ሲመጣ አለርጂውን፣ ነባር ሕመሙንና የሚወስደውን መድኃኒት ገልብጡ፣ ይበቃል። እባካችሁ ግን ሠራተኛው በሙሉ በአንድ የይለፍ ቃል አይግባ። የሰው ምስጢር ነው፤ ማን ምን እንደከፈተ መታወቅ አለበት።