ድምፃችሁ ሲጎረንን

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የ15 ዓመት ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። ስልኳን አውጥታ ልጁ የዘፈነበትን ቪዲዮ አሳየችኝ። ከሥሩ የተጻፈለት ሙገሳ ተነቦ አያልቅም። «ጋሼ፣ አሁን ግን ድምፁ እምቢ አለው» አለችኝ። ልጁ አቀርቅሮ ጣቶቹን ያፍተለትላል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱና እሱን ለመሳሰላችሁ ነው።

እኔም እንደሱ ነበርኩ። በ14 ዓመቴ እዚሁ ጅማ የቀበሌ ኪነት ድምፃዊ ሆንኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ በየቀበሌው ኪነት ነበር። ስለ ምርትና ስለ እናት አገር ዘፍነን፣ መሃል ላይ አንድ ሁለት የፍቅር ዘፈን እናስገባለን። ሰው የሚጠብቀው እሷን ነው። በሂርማታ በኩል ሳልፍ ልጃገረዶች በስሜ ይጠሩኛል። ጉርድ ፎቶዬን ከፎቶ ቤት እያሳጠቡ ደብተራቸው ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ያ ፍቅር እውነተኛ ነበር። ውሸት ነው ብዬ አልነግራችሁም።

16 ዓመት ሲሞላኝ አጋሮ ሄድን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። በጣም የሚወደድልኝን ዘፈን ጀመርኩና ከፍ የሚለው ቦታ ስደርስ ድምፄ ተሰነጠቀ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ብሶ ተሰነጠቀ። የሳቀብኝ ሰው አልነበረም። ዝምታው ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ያኔ ምን እንደደረሰብኝ የሚነግረኝ አጣሁ። ዝንጅብል አኘኩ፣ ጥሬ እንቁላል ጠጣሁ። ከሁሉ የከፋው ግን እየጮህኩ ልመልሰው መታገሌ ነው። ለወራት አፌን ከፍቼ ሰላምታ መስጠት እንኳ አቃተኝ። ነገሩ ቀላል ነበር። በጉርምስና የድምፅ አውታር ይረዝማል፣ ይወፍራል። የወንድ ልጅ ድምፅ ወደ አንድ ኦክታቭ ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ኖታ ከታች እስካለው ተመሳሳይ ኖታ ያህል፣ ይወርዳል። ሕመም አይደለም። ጊዜ ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል፣ እረፍት ይፈልጋል። ድምፃችሁ በሻከረ ቀን አትዝፈኑ። በሹክሹክታ ማውራትም ማረፍ አይደለም፤ እሱም ያደክማል።

ያዳነኝ የኪነቱ አኮርዲዮን ተጫዋች ነው። ትልቅ ሰው ነበር፣ ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ጠራኝና «ዘፈኑ ያው ነው፤ የተለወጥከው አንተ ነህ። ቶኑን እናውርደው» አለኝ። አወረደው። ዘፈንኩ። የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ፤ ግን አልተሰበረም። ከዚያ ክራር እጄ ላይ አስቀመጠ። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን አንድ በአንድ አስለየኝ። ሁለት ዓመት ከኋላ ተቀምጬ ክራር መታሁ። ፊት ለፊት የሚዘፍነው ሌላ ልጅ ነበር፤ ደብተር ውስጥ የሚገባውም የእሱ ፎቶ ሆነ። ያ አመመኝ። አሁን ሳስበው ግን ሙዚቃ የተማርኩት በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ የበላሁት እንጀራ የመጣው ከዚያ ወንበር ነው። ሰርግ ላይ ሠራሁ፣ ለሌሎች ዜማ ሰጠሁ፣ ልጆች አስተማርኩ።

አሊ ቢራን ተመልከቱ። ድሬዳዋ ውስጥ አፍረን ቀሎ የሚባለውን የሙዚቃ ቡድን ሲቀላቀል ገና ልጅ ነው። «ቢራ» የሚለው ስም የወጣለትም ያኔ ከዘፈነው ዘፈን ነው። ግን በዚያ ዘፈን ላይ አልተቀመጠም። ኡድ ተጫወተ፣ ጊታር ተጫወተ፣ በብዙ ቋንቋ ዘፈነ። በ2015 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ሰው አብሮት አረጀ። የእኛው ጅማ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ እዚሁ ጅማ ነው የተወለደው። ወደ ዌልስ የተላከው ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር፤ እሱ ግን ሙዚቃን መረጠና ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረው። ሙሉቀን መለሰን አስቡ። በልጅነቱ ዝነኛ ሆነ፣ በኋላ ዘፈኑን ትቶ ወደ መዝሙር ሄደ። እሱም መንገድ ነው። መተው የመረጠ ሰው ተሸነፈ አትበሉ።

ስለ ገንዘብም ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ስትሸወዱ አያለሁ። የመጀመሪያ ካሴቴን ሳወጣ አንድ ሙዚቃ ቤት አንድ ጊዜ ከፈለኝ። ወረቀቱን ሳላነበው ፈረምኩ። ካሴቱ በየአውቶቡሱ ሲዘፈን እኔ ለቤት ኪራይ እበደር ነበር። ዛሬ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። የዜማና የግጥም ደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የድምፃዊም መብት በሕጉ ውስጥ አለ። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ አስተላልፌያለሁ» የሚል መስመር ስታዩ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ወረቀቱን ወደ ቤት ውሰዱት፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብበው። ከ18 ዓመት በታች ከሆናችሁ ወላጅ አብሯችሁ ይቀመጥ። ቸኩሎ የሚያስፈርማችሁን ሰው እምቢ በሉት፤ ነውር የለውም።

ያ ልጅ በዚያ ቀን ምንም አልዘፈነም። እኔም ዝፈን አላልኩትም። ክራሩን ሰጠሁትና ትዝታን ቃኘሁለት። ጣቱ ቶሎ አይታዘዝም፤ ጆሮው ግን ጥሩ ነው፣ የተሳሳተውን ራሱ እየሰማ ያርማል። ሲሄዱ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ቅዳሜ እንዲመለስ ነግሬዋለሁ፤ ክራሩንም ሰጥቼው ሄዷል።