ቡናው ላይ ቀርቶ አልወርድ ላላት እህት፦ መፍጫ ከመግዛትሽ በፊት ጎማውን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። በቫኪዩም ፖት ቡና ታፈያለሽ፣ ሁለት መስታወት አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ በመሃላቸው ቱቦ ባለው ዕቃ። ውሃው ከታችኛው መስታወት በቱቦው ወደ ላይ ይወጣል። እሳቱን ስታጠፊ ግን ቡናው ላይኛው መስታወት ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሲወርድም ጠብ ጠብ እያለ ነው፣ ሲቀመስ ደግሞ ሬት። «ዕቃውን ልመልሰው ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው?» ብለሻል። የመለሱልሽ በሙሉ «ቡናውን ሻከር አድርገሽ ፍጪው» ብለው አልፈዋል። ይቺን ምክር እኔም እስኪበቃኝ ሰምቻታለሁ። ልክ የምትሆንበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ግን ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚላት ስለሆነች ብቻ መጀመሪያ የሚታየው ነገር እሷ ናት ማለት አይደለም።

የአሠራሩን ሀ ሁ አልነግርሽም፣ ዕቃው ቤትሽ አለ፣ ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ እንያዝ። ቡናውን ወደ ታች የሚያወርደው ክብደቱ ብቻ አይደለም። እሳቱ ሲነሳ ታችኛው መስታወት ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቅዞ መልሶ ውሃ ይሆናል። እንፋሎት ውሃ ሲሆን ይዞት የነበረው ቦታ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይጠብባል። ያኔ ታች ያለው ግፊት ይቀንስና የውጭው አየር ቡናውን በማጥለያው ጨርቅ አሳልፎ ቁልቁል ይገፋዋል። አሁን በሁለቱ መስታወቶች መሃል ያለው ጎማ ትንሽ ቢያስተነፍስስ? አየር በዚያ ሾልኮ ይገባል፣ ግፊቱ እኩል ይሆናል፣ አለቀ። ቡናሽን የሚገፋው ነገር የለም። ጨርቁ ላይ ተቀምጦ እንደ ፈቃዱ ይንጠባጠባል።

«ውሃው እኮ በደንብ ወጥቷል» ትዪኝ ይሆናል። ሰውን የሚያሳስተው እሱ ነው። ውሃን 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት የሚፈለገው ተጨማሪ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት 1.5 በመቶ ያህል ነው። ኢምንት ናት። እሳቱ ጠንከር ካለ በስንጥቁ ያመለጠውን እንፋሎት አዲስ የሚመጣው ይተካዋል፣ ስለዚህ ውሃው ምንም እንዳልተፈጠረ ይወጣል። ሲወርድ ግን እሳት የለም፣ የሚተካም የለም። ጉዱ የሚታየው ያኔ ነው።

በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ።

1. ያለ ቡና ሞክሪው። ማጥለያውን ግጠሚ፣ ውሃ ብቻ አፍዪ፣ ወደ ላይ ይውጣ፣ እሳቱን አንሺ። ጤነኛ ዕቃ ከሆነ ውሃው በጥቂት ሰከንዶች ሸሽቶ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ አየሩ ተከትሎት ገብቶ ታች ያለው ውሃ ይንተከተካል። እንዲህ ከሆነልሽ ጎማሽም ጨርቅሽም ደህና ናቸው፣ «ሻከር አድርጊ» ያሉሽ ሰዎች አሸንፈዋል፣ ከዚህ በታች ያለውን ባታነቢም ግድ የለም። ውሃው ብቻውን ሆኖም ከዘገየ ግን የቡናው አፈጫጨት ከደሙ ንጹሕ ነው። አዲስ ጨርቅ አጥልቀሽ ድገሚው። በአዲሱ ከፈጠነ አሮጌው ጨርቅ ተደፍኗል። አሁንም ከዘገየ ጎማው ነው። ሰንሰለቷን አውጥተሽ እንዳትሞክሪ ብቻ። ያቺ ከማጥለያው በቱቦው ወርዳ የምትንጠለጠለው ሰንሰለት ለጌጥ አይደለችም። አረፋው እሷ ላይ እየጀመረ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ታደርጋለች። ያለ እሷ ውሃው ዝም ብሎ ከመፍያው ነጥብ በላይ ይግልና ድንገት ሊፈነዳ ይችላል።

2. ጎማውን እዪ። የኔ ታሪክ እዚህ ላይ ነው፣ ታገሺኝ።

የኔም እንደ አንቺው ነበር፣ ቡናው ላይ ይቀራል። ለሸጠልኝ ድርጅት ጻፍኩ። ስሙን አልጠራም። መጀመሪያ የመጣው መልስ «መመሪያውን አንብበዋል?» የሚል ነው። አንብቤያለሁ፣ በሦስት ቋንቋ የታተመ ሆኖ በሦስቱም አይረባም። ቀጥለው «ምን ዓይነት መፍጫ ነው የሚጠቀሙት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እሱማ ለዚህ አይሆንም፣ እንዲህ ያለው ነው የሚያስፈልግዎ» ብለው አንዱን ጠቆሙኝ። የሚሸጡትም ራሳቸው ናቸው! ከፖቱ ይበልጥ ውድ ነው። ተገዛ። ቡናው ከጫፍ ጫፍ እኩል ተፈጨ፣ አምሮበት ተፈጨ፣ ከዚያም እንደ ወትሮው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ተመልሼ ስጽፍላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ይህ አዲስ ቴክኖሎጂ ስለሆነ ልምምድ ይጠይቃል።» አዲስ! በጀርመን ከ1830ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ዕቃ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1841 የሊዮን ከተማዋ ወይዘሮ ቫሲዩ በፈረንሳይ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበችበት ዕቃ። ሰዎች በከሰልና በአልኮል እሳት ሲያፈሉበት የኖሩትን ነገር እኔ ልምምድ አንሶኝ ነው የተበላሸው። በጣም ነው የተናደድኩት፣ እውነቴን ነው። ደግነቱ ንዴት አንዳንዴ ይጠቅማል። ዕቃውን ፈታትቼ ቁጭ አልኩ።

ጎማውን አውልቄ ወደ መብራት አዞርኩት። ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች፣ ፋብሪካ ውስጥ የጎማው መቅረጫ ሁለት ግማሾች የተጋጠሙባት። አንድ ቦታ ላይ ወጣ ብላ እንደ ጥፍር ጫፍ ትዳሰሳለች። እዚያ ጋ ጎማው ከመስታወቱ አንገት ጋር አይገናኝም። ለማረጋገጥ መልሼ ገጠምኩት፣ ውሃው እየወጣ ሳለ በጎማውና በአንገቱ መጋጠሚያ ላይ ጥቂት ጠብታ ትኩስ ውሃ አደረግሁ። ከዚያች ቦታ አረፋ ተንጣጣ። እሳቱን አነሳሁ፣ ያው ጠብታ ወደ ውስጥ ተሳበ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? (ሞቅ ያለ ውሃ ይሁን፣ ቀዝቃዛ በጋለ መስታወት ላይ ጠብ አይደረግም።)

ቪዲዮ ቀርጬ ላክሁላቸው። መልሱ፦ «ጎማ አላቂ ዕቃ ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም።» ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ የተበላሸ ነገር መቼ አልቆ ነው አላቂ የሚባለው? ከዚህ በኋላ አልተከራከርኩም። ከሌላ ሻጭ ለዚያው ሞዴል የሚሆን ጎማ ለብቻው አስመጣሁ። በመጀመሪያው ቡና ስልኩን ለቪዲዮ እስካዘጋጅ እንኳን አልጠበቀኝም፣ ወርዶ አለቀ። ዋጋውን ከመፍጫው ጋር ላወዳድርልሽ አልፈልግም፣ ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ አንቺም ጎማውን አውልቂ፣ ዙሪያውን በጣትሽ ዳስሺ፣ የመስታወቱንም አንገት ዳስሺ። ስትገጥሚው በውሃ አርጥቢው፣ ቀጥ አድርገሽ ጫኚና ትንሽ አዙሪው። ደረቅ ጎማ ተጣሞ ይገባል።

3. ጨርቁ። ቡናሽ ሬት የሚሆነው አንደኛ ከውሃው ጋር ብዙ ስለሚቆይ ነው። አንድ ደቂቃ ያስቀመጥሽው መስሎሽ አራት ደቂቃ ይቀመጣል፣ የማይፈለገው ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ መራራነቱን ለብቻው አታባሪው፣ መውረዱ ሲስተካከል አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ጨርቁ ራሱ ነው። ቡና ዘይት አለው፣ ጨርቁ ያንን ይጠጣል፣ ሲደርቅ ይሻግታል። አዲስ ጨርቅ ከመጠቀምሽ በፊት በፈላ ውሃ ቀቅዪው። ከተጠቀምሽ በኋላ በሙቅ ውሃ እጠቢው፣ ሳሙና አታስነኪው፣ ሽታው ጨርቁ ውስጥ ይቀርና ቡናሽ ላይ ይመጣል። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ፍሪጅ ውስጥ አኑሪው፣ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ይሄን ሁሉ ማን ይችላል ካልሽ በወረቀት ወይም በብረት ማጥለያ የሚሠራ ዓይነት አለ። ኮና የሚባለው የእንግሊዞቹ ዕቃ ደግሞ ጨርቅ የለውም፣ የመስታወት ዘንግ ብቻ ነው ቱቦው ላይ የሚቀመጠው። እኔ ግን ጨርቅን አልለቅም፣ አጥርቶ ያወርዳል፣ ቅባቱን ሁሉ አይወስድብሽም።

ማጥለያው መሃል ላይ መቀመጡንም እዪ። ከማጥለያው ሥር ያለችውን ሞላ ጎትተሽ ሜንጦዋን የቱቦው ከንፈር ላይ ካላያያዝሽ ማጥለያው ይነሳል፣ ዱቄቱ በጎን ያመልጣል። በአንድ ወገን ብቻ ትልልቅ አረፋ ካየሽ ጋደል ብሏል ማለት ነው፣ በእንጨት ማንኪያ ገፋ አድርጊው።

4. እሳት። ላይኛውን መስታወት ከመጀመሪያው አጥብቀሽ አትግጠሚ። ጋደል አድርገሽ አስደግፊው፣ ሰንሰለቷ ውሃው ውስጥ ትግባ፣ ታች ሲፈላ ያኔ ቀጥ አድርገሽ ጫኚው። ከመጀመሪያው ከዘጋሽው የሚሰፋው አየር ውሃውን ሳይፈላ ያወጣዋል፣ ላይ የሚደርስሽ ለብ ያለ ነገር ነው። ከወጣ በኋላ እሳቱን ቀንሺ። ከቱቦው ጫፍ በታች የሚቀር ጥቂት ውሃ ሁሌም አለ፣ እሱ መፍላቱን ይቀጥላል። እሳቱ ከበዛ ላይኛው ይናወጣል፣ ቡናውም ይቃጠላል።

እኔ ለ300 ሚሊ ሊትር ውሃ 20 ግራም እጠቀማለሁ፣ አፈጫጨቱ መካከለኛ። ቡናውን ጨምሬ በእንጨት አማስላለሁ፣ አንድ ደቂቃ፣ እሳቱን አነሳለሁ፣ አንዴ አዞራለሁ። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ይወርዳል። አተላው እንደ ጉልላት ክብ ብሎ ከቀረ ጥሩ ሄዷል ማለት ነው።

ባለ አልኮል ኩራዝ ከሆነ ያለሽ፣ ነበልባሉ ብርሃን ባለበት ቦታ አይታይም ማለት ይቻላል። ጠፍቷል ብለሽ እጅሽን እንዳትሰጂ። በክዳኑ አፍነሽ አጥፊው፣ እስኪቀዘቅዝ ደግሞ አልኮል አትጨምሪ። የታችኛውን መስታወት ውጪውን ሳታደርቂ እሳት ላይ አታስቀምጪ፣ ባዶውንም አታግዪ። ይሄን የምነግርሽ መመሪያው ላይ በደቃቅ ፊደል ስለተጻፈና ማንም ስለማያነበው ነው።

አንዷ ደግሞ «ታችኛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ ቶሎ ይወርዳል» ብላሻለች። እውነት ነው ይወርዳል፣ ባለሙያዎችም ያደርጉታል። አንቺ ግን አሁን አታድርጊው። ጎማው የሚያስተነፍስ ከሆነ ችግሩን ለጊዜው ይሸፍንብሻል፣ የመመለሻ ቀንሽ ያልፋል። ውሃ የሚያንጠባጥብ ቀዝቃዛ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ መስታወቱን ልትሰነጥቂው ትችያለሽ።

ልመልሰው ወይ ላልሽው፦ የታችኛው መስታወት አንገት ተሸርፎ ወይም ክብነቱ ተዛብቶ ከሆነ እሳት ላይ ሳታስቀምጪው ዛሬውኑ መልሺ፣ ያንን ምንም ጎማ አያድነውም። ጎማው ብቻ ከሆነ ዕቃውን ያዢ፣ ጎማ ይቀይሩልሽ። ስትጽፊላቸው «ቡናው አልወርድ አለኝ» አትበዪ፣ ወዲያው ስለ መፍጫ ነው የሚጠይቁሽ። «ያለ ቡና፣ በውሃ ብቻ ሞክሬው፣ በመጋጠሚያው አየር ይገባል» በዪ፣ ቪዲዮውን አያይዢ። ዕቃው የደረሰሽን ቀንም ጻፊ። አላቂ ነው ካሉሽ ደግሞ ዋስትናው ላይ የትኛው መስመር እንደሚለው ጠይቂያቸው፣ በጽሑፍ።